ስሕተት ከሌለው «ኢ»

ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ በሐምሩን ጎዳና፣
በሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ምድጃው ተለኩሶ ግድግዳዬ ሞቀና፣
እኔም ተነሣሁኝ፣ እንደ ሊጡ ሁሉ፤
እርሳስ፣ ላጲስ፣ መጽሐፍ፣ ጠረጴዛው ሙሉ።

የፊታችን ቅዳሜ ቫሌታ ነው ፈተናው፤
ሒሳቡ አያስፈራኝ፣ እንግሊዝኛው እንጂ ጣጣው።
ቁጥርማ የኔ ነው። ደሴ ላይ፣ ከመስኮት ኋላ፣
ብር ቆጥሬአለሁ ዐሥራ አንድ ዓመት፣ የሰው ገንዘብ ሳልበላ፤
ጣቴ ከረጠበው ስፖንጅ ደርሶ ሲመለስ፣
ሐሰተኛውን መቶ ከእውነተኛው የሚለይ፣ እንዲያው በመዳሰስ።
አሁን በዚያው ጣቴ አንሶላ እቆጥራለሁ፤
ስሊማ ካለ ሆቴል፣ ከምድር ቤት፣ አጥፌ እደረድራለሁ።
አንሶላ ሐሰተኛ የለውም።

መጽሐፉ ይጠይቃል፦ እዚህ ቦታ «ኤ» ነው ወይስ «ዘ»?
አንዲት ፍሬ ፊደል ስንቱን ሰው አናዘዘ!
በኛ ቋንቋ ቢሆን ባንድ ድምፅ ጨርሰን፣
ቤት ካልነው «ቤቱ»፣ ሰው ካልነው «ሰውየው»፣ ከኋላ ቀጥለን፤
እነሱ ከፊት ነው፣ ቃሉ ሳይደርስ የሚያቆሙት ዘበኛ፤
አንዳንዴ ደግሞ የለም። የት ሄደ? ተኛ።

«ኢንተረስት» ወለድ ነው፤ ይህንን ደሴም ዐውቃለሁ፤
ደግሞ ፍላጎት ነው ይላል፤ ደግሞ ጥቅም። እሺ፣ እቀበላለሁ፤
«ባንክ» የወንዝ ዳር ነው ሲል ግን፣ እርሳሴን ጥዬ ሣቅሁ፦
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወንዝ ዳር ተቀምጬ፣
የሰውን ውኃ ቆጠርሁ፣ ምራቄን ውጬ!

ማታ ጁዛ ትመጣለች፣ የታችኛው ቤት ጎረቤት፤
ወደብ ላይ ጸሓፊ የነበረች፣ ጡረታ የወጣች ሴት።
ዐይኗን በጣቷ ነክታ «ዓይን» ትለኛለች፤ እኔም «ዓይን» አልኋት፤
ራሷን «ራስ»፣ ደሟን «ደም»፣ ምላሷን «ልሲየን» ስትል፣ «ልሳን» ብዬ መለስሁላት።
«ሞትስ?» ስላት፣ «መውት»።
ዝም ተባባልን። ባሏ ያረፈው ባለፈው የካቲት ነው።

መንገዱ ዘመዴ ነው እንግዲህ፤ ዳቦ ጋጋሪው ሲሳደብ እንኳ ግማሹ ይገባኛል፤
ባንኩ ግን በሦስተኛ ቋንቋ፣ የሷም የኔም ባልሆነ፣ ይፈትነኛል።
ጁዛ ታነብባለች፣ እኔ እሞላለሁ። ስሳሳት ጠረጴዛውን ባንድ ጣት ትመታለች፤
ካልተሳሳትሁ ደግሞ ከኪሷ ለውዝ ታወጣለች።

«የተበተኑትን ዐረፍተ ነገሮች በቅደም ተከተል አስተካክል» ይላል፤
እኔም የደብተሬ ጠርዝ ላይ የራሴን ጻፍሁ፣ እንዲቀል፦
ወንድሜ ሚልኪያስ ብድር ጠየቀ። ዋስ ሆንሁ፣ ፈረምሁለት።
ባንኩ አሰናበተኝ። ሚልኪያስ ይቅርታ ሊል ደወለ፣ ስልኩን አላነሣሁለት።
አገላበጥኋቸው። ደወሉን ካስቀደምሁ፣ ይቅርታው ከበደል ይቀድማል፤
ስንብቱን ካስቀደምሁ፣ ዋስትናዬ የእልህ ይመስላል፤
በየትኛውም መንገድ ሰዋስው አልተበላሸም።

የመጨረሻው ክፍል ስሕተት ፍለጋ ነው። ከአራት የተሰመረበት
አንዱ ይነቀሳል፤ ስሕተት ካልተገኘ ግን፣ «ኢ»ን አክብብበት።
«ኢ» በግዕዝ «አይደለም» ነው፤ ይህቺንስ ማንም አያስጠናኝም፤
እዚህ ግን «ደህና ነው፣ እለፊ» ትላለች፤ እጄ አይታዘዘኝም።
ባንክ ቤት የኖረ ሰው ሒሳቡ ሲገጥም ነው የሚጠረጥር፤
እንደገና ይጀምራል፣ ከመጀመሪያዋ ብር።

ቁጥር ሠላሳ ሰባት፦ «ወንድሟ እስካሁን ስልኳን ይጠብቃል» ይላል።
ግሡን አየሁት፤ ልክ ነው። ዘበኛውም በቦታው ቆሟል።
ጊዜውን አየሁት። «እስካሁን»ን አየሁት። ደግሜ አየሁት።
ከታች የመጀመሪያው ዳቦ ወጣ፤ መስታወቱን ጉም ሸፈነው፣ በጣቴ ጠረግሁት።
ደሴ አሁን ነግቷል። ሱቁን ከፍቶ ይሆናል።

ስሕተት አጣሁበት።
እርሳሴን ቀረጽሁና «ኢ»ን አከበብሁበት።